የስሜኑ ወፍ ዜማ

ቱርደስ ሲመንሲስ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ወፍ ነው። በስሙ ውስጥ ያለው «ሲመን» የስሜን ተራሮች ነው። ስሙን የሰጠው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1832 እና በ1833 በስሜንና በጎንደር ቆይቶ ነበር፤ ወፉን በጽሑፍ ያስተዋወቀውም በ1837 ነው። ደረቱ በጥቁር ነጠብጣብ ተዥጎርጉሯል። ሣር ላይ ጥቂት ይሮጥና ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ከዚያ መሬቱን በምንቃሩ ጫር ጫር አድርጎ ትልና ነፍሳት ይለቅማል።

በደቡባዊ አፍሪካ የሚኖር አንድ ዘመዱ ለረጅም ጊዜ ከርሱ ጋር እንደ አንድ ዝርያ ተቆጥሯል። የዚያኛው ሳይንሳዊ ስም «ሊትሲትሲሩፓ» ከሴጽዋና ቋንቋ የተወሰደ ነው፤ የአገሩ ሰዎች ወፉን የሚጠሩት ድምፁን አስመስለው ነውና። በሁለቱ መካከል ኬንያን የሚያህል ባዶ ቦታ አለ። ዛሬ የወፍ መዛግብት ለየብቻ ያሰፍሯቸዋል፤ ለዚህም ከላባቸው ቀለም ሌላ ዜማቸው ተመርምሯል።

ዘማሪ ወፍ ዜማውን ይዞ አይፈለፈልም። ጫጩቱ የአዋቂዎቹን ድምፅ እየሰማ በቃሉ ይይዛል፤ መጀመሪያ ላይ ይንተባተባል፣ አንዳንዱንም ይስታል። የሳተው ነገር ለተከታዩ ጫጩት ትክክለኛ ዜማ ሆኖ ያርፋል። ከሌላው አገር ወፍ ጋር ካልተገናኘ፣ በብዙ ትውልድ ዜማው ሌላ ይሆናል። የአብነት ትምህርት ቤትን የሚያውቅ ሰው ይህ አይገርመውም፤ ድጓው አንድ ሆኖ ቤተልሔም፣ ቆማ፣ አጫብርና ተጉለት የተባሉት የዜማ ቤቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዜማ አላቸው። ወፉ ግን ምልክት የሚጥልበት ብራና የለውም።

በደቡብ ኢትዮጵያ ግን በሌላ ወፍ ላይ የተደረገ ተመሳሳይ ምርመራ ተቃራኒ ውጤት አመጣ። ነጌሌ ቦረና አጠገብ በሊበን ሜዳ የሚኖረው ላርክ የተባለ ትንሽ የሣር ወፍ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት የአፍሪካ ወፎች አንዱ ነው። ሜዳው እየታረሰ፣ ከመጠን በላይ እየተጋጠና በቁጥቋጦ እየተወረረ መኖሪያው ጠቧል። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ጅጅጋ አካባቢ የሚመስለው ወፍ ተገኘ። ዘረመሉ፣ የአካሉ ልክና ድምፁ ተነጻጽሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ሁለቱን አንድ ዝርያ አደረጋቸው።

በሊበን ከሣሩ ተነሥቶ አየር ላይ እየዘመረ የሚታየው ወንዱ ነው። ወንዶቹ ደግሞ ከሴቶቹ በቁጥር እጅግ ይበልጣሉ፤ ስለዚህ በድምፅ ብቻ የሚቆጥር ሰው ወፉ ካለበት የተሻለ ደኅና ይመስለዋል።