የምርምር ድጋፍና የውስጥ ቁጥጥር፦ ሁለት የበጀት ጊዜያት በአንድ ተቋም

የምርምር ተቋማት የውስጥ ቁጥጥር ሲገመገም ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚታየው የመመሪያ መኖርና የፊርማዎች መሟላት ነው። ሆኖም እነዚህ ብቻቸውን ወጪው የድጋፍ ስምምነቱን ያከበረ መሆኑን አያረጋግጡም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችንን ለአብነት እንውሰድ። የኢትዮጵያ መንግሥት የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ሲሆን፣ የውጭ ድጋፍ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ግን በየስምምነቱ ይወሰናል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የድጋፍ ደንብም በመርሕ ደረጃ ወጪው በጸደቀው የበጀት ጊዜ ውስጥ የተፈጸመ እንዲሆን ያስገድዳል። ስለዚህ ስምምነቱ ካበቃ በኋላ የታዘዘ የላቦራቶሪ ኬሚካል፣ በዩኒቨርሲቲው የበጀት ዓመት ውስጥ የግዥ ሥርዓቱን ጠብቆ ቢገዛም፣ በለጋሹ ዘንድ ተቀባይነት ሊያጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ወጪው በተቋሙ ላይ ይወድቃል።

በመሆኑም ገምጋሚው ሁለት ጥያቄዎችን ለይቶ ማየት ይገባዋል፦ ቁጥጥሩ ይህን ስሕተት ለመከላከል በሚያስችል መልኩ ተቀርጿልን? በተግባርስ ይሠራልን? ለመጀመሪያው መመሪያውን ከስምምነቱ ጋር ማነጻጸር ይበቃል። ለሁለተኛው ግን በስምምነቱ ማብቂያ አካባቢ ከተመዘገቡ ክፍያዎች ናሙና ወስዶ፣ እያንዳንዱን ከግዥ ጥያቄው እስከ ንብረት ገቢ ደረሰኙ መከታተል ያስፈልጋል። ሰነዶቹ በኢትዮጵያና በጎርጎርዮስ የዘመን አቆጣጠር ተለያይተው ሊጻፉ ስለሚችሉም፣ ቀኖቹን ወደ አንድ መልሶ ማመሳከር ግድ ነው። ቀኑን ማንም ያላመሳከረበት የክፍያ ማዘዣ፣ ሦስት ፊርማ ቢያርፍበትም፣ በዚህ ረገድ ቁጥጥር ተደርጎበታል ሊባል አይችልም።