ከአልጫው እርድ እስከ «ናኖ» እንክብል

ነርስ ጡረታ ብትወጣም ጎረቤት ጡረታ አያወጣትም። ሰሞኑን ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ፣ ልጆች ከውጭ ለእናት ለአባታቸው ስለሚልኩት የእርድ እንክብል ነው። ብልቃጡ ላይ «ናኖ» የሚል ቃል አለበት። «ይህ እማዬን ከመርሳት ያድናታል?» ይሉኛል። መልሱን ለሁላችሁም ልንገራችሁ።

ለእርድ ቢጫ ቀለሙን የሚሰጠው ኩርኩሚን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። በቤተ ሙከራና በእንስሳት ላይ በተደረጉ ምርምሮች፣ አልዛይመር በያዘው ሰው አንጎል ውስጥ የሚከማቸውን ጎጂ ፕሮቲን ሲቀንስ ታይቷል። ችግሩ ወደ ሰው ሲመጣ ነው። ኩርኩሚን በውኃ አይሟሟም፤ ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂት ነው፤ ያለፈውንም ጉበት ቶሎ ለውጦ ያስወግደዋል። ከ100 ግራም የእርድ ዱቄት ውስጥ ደግሞ ኩርኩሚኑ 3 ግራም ገደማ ብቻ ነው። አልጫችን ይጣፍጣል እንጂ መድኃኒት አይሆንም።

ናኖ ቴክኖሎጂ የገባው ለዚህ ነው። አንድ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው፤ የአንዲት ፀጉር ውፍረት እንኳ ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር ይደርሳል። አሞሌ ጨው እንዳለ ውኃ ውስጥ ቢገባ ቶሎ አይሟሟም፤ ሲወቀጥ ግን ወዲያው ይሟሟል። ባለሙያዎቹም ኩርኩሚኑን እጅግ አድቅቀው፣ ወይም በደቃቅ የስብ ጠብታ ጠቅልለው፣ ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይጨምሩታል።

ተስፋ ሰጪ ውጤትም አለ። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተሙት ጥናት 40 ሰዎችን ተከታትሏል። ሰዎቹ ዕድሜያቸው ከ50 በላይ ነው፤ መጠነኛ የመርሳት ችግር እንጂ አልዛይመር አልነበረባቸውም። ገሚሶቹ እንዲህ የደቀቀ ኩርኩሚን 90 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሌሎቹ መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ እንክብል ለ18 ወር ወሰዱ። ኩርኩሚን የወሰዱት በማስታወስ ፈተና ተሻሽለው ተገኙ።

ነገር ግን 40 ሰው ጥቂት ነው። በሽታው በያዛቸው ሰዎች ላይ የተደረገና በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ ተራ ኩርኩሚን ለ24 ሳምንት ተሰጥቶ ጥቅም እንዳላሳየ ዘግቧል። የያዘን አልዛይመር የሚያድን የእርድ እንክብል የለም።

ወደ ደም በደንብ የሚገባ ነገር ጉዳቱም በዚያው መጠን ሊገባ ይችላል። ዋርፋሪንን የመሰለ የደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው መድማት ሊያጋጥመው ይችላል፤ የሐሞት ጠጠር ያለበትም መጠንቀቅ አለበት። የእርድ እንክብል የወሰዱ ሰዎች ጉበታቸው የተጎዳበት ጊዜም አለ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ እንዲህ ያለ እንክብል ከመሸጡ በፊት እንደ መድኃኒት ተመርምሮ ፈቃድ እንዲያገኝ አይገደድም።

አንዲት ጎረቤቴ ብልቃጡን ይዛ ስትመጣ መጀመሪያ የጠየቅኋት «እማማ ሌላ ምን ይወስዳሉ?» ብዬ ነበር። ለልባቸው ዋርፋሪን ይወስዳሉ። ብልቃጡን ሳይከፍቱ ወደ ሐኪማቸው ይዘውት ሄዱ። ሐኪሙ እንክብሉን ከልክሎ የደም ምርመራ አዘዘ፤ ቫይታሚን ቢ12 በጣም አንሶባቸው ተገኘ። አሁን መርፌ እየወሰዱ ነው፤ የልጅ ልጆቻቸውን ስም ማምታታቱም ቀንሶላቸዋል።

የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ብልቃጡ ላይ ተስፋ ጥለን ሊታከም የሚችለውን ምክንያት እንዳናሳልፍ። መርሳት ሁሉ የእርጅና ዕጣ አይደለም። የቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ ድብርት፣ የእንቅልፍ መድኃኒት፣ ሁሉም ያስረሳሉ። የደም ግፊትና ስኳርን መቆጣጠር፣ ጆሮ ከደከመ ማስመርመር፣ በእግር መሄድ፣ ከሰው ጋር ቡና መጠጣትና መጫወት አንጎልን ይጠብቃሉ።

እናንተ በውጭ ያላችሁ ልጆችም፣ ቀጣዩን ብልቃጥ ከመግዛታችሁ በፊት «እማዬ፣ ለመርሳቱ ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ታውቂያለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልሄዱ ገንዘቡን ለምርመራው ላኩላቸው። እንክብሉ ቀድሞ ቤት ከደረሰ ደግሞ፣ ከሚወስዷቸው መድኃኒቶች ሁሉ ጋር በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ ለሐኪሙ አሳዩ።