መንዝ 3 ነው ወይስ 9? ከሼል ስክሪፕት ጋር ትውውቅ

መንዝ፣ ጊሼ፣ መርሐቤቴ። እነዚህን የሰሜን ሸዋ ስሞች ፋይል ላይ ጽፎ የእያንዳንዱን ፊደል የሚቆጥር ስክሪፕት ያዘጋጀ የሊኑክስ ጀማሪ 3፣ 2 እና 5 ያገኛል። ያንኑ ስክሪፕት ሌላ ማሽን ላይ ሲያስኬደው ግን 9፣ 6 እና 15 ሊወጣለት ይችላል። ከስክሪፕቱ የተነካ ነገር የለም፤ የተለየው የሚሠራበት አካባቢ ነው።

ሼል ከተጠቃሚው ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስፈጽም ፕሮግራም ነው። በሊኑክስ ላይ በብዛት የሚገኘው ባሽ ሲሆን ብራያን ፎክስ ጽፎት በ1989 እ.ኤ.አ. ወጣ። በእጅ የምንጽፋቸውን ትእዛዞች በአንድ ፋይል ስንደረድራቸው ስክሪፕት ይሆናሉ። ለማስኬድ ቀላሉ መንገድ «ባሽ» ብሎ የፋይሉን ስም ማስከተል ነው። በራሱ ስም እንዲነሳ ከተፈለገ ለፋይሉ የማስኬድ ፈቃድ ይሰጠዋል፤ ከስሙ በፊትም ነጥብና ስላሽ ይገባል። ይህ ነጥብና ስላሽ ብዙ ጀማሪ ያደናግራል። ምክንያቱ ሼሉ ትእዛዝ የሚፈልገው ፓዝ የተባለው ተለዋዋጭ በሚዘረዝራቸው ማህደሮች ውስጥ ብቻ መሆኑ ነው፤ አሁን ያለንበት ማህደር አብዛኛውን ጊዜ ከዝርዝሩ ውስጥ የለም።

እንደ ፓዝ ያሉ ተለዋዋጮች ናቸው በጥቅሉ አካባቢ የሚባሉት። ስክሪፕቱ በአዲስ ሼል ውስጥ ይሠራል፤ ከወላጁ ሼል የሚወርሰውም ኤክስፖርት የተደረጉትን ተለዋዋጮች ቅጂ ነው። ስለዚህ እሱ የለወጠው ወደ ወላጁ አይመለስም።

የመንዝ ቆጠራ የተፋለሰው ላንግ በተባለው ተለዋዋጭ ነው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ሆሄ 3 ባይት ይይዛል። ላንግ ዩቲኤፍ-8 የሚል ከሆነ ሼሉ ሆሄ ይቆጥራል፤ ባዶ ከሆነ ባይት ይቆጥራል። የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ብቻ ስለሆነ በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው ችግሩ ጨርሶ አይታየውም። ባይት በሚቆጠርበት ጊዜ ስሞችን እስከ 4ኛው ፊደል የሚቆርጥ ስክሪፕት በእኛ ጽሑፍ ላይ ሁለተኛውን ሆሄ ሰብሮ ይጥለዋል። አማርኛ የሚጽፍ ጀማሪ ይህን ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። ስክሪፕትን በቀጠሮ የሚያስነሳው ክሮን ላይ 7 ብሎ የጻፈ የመንዟ መሐል ሜዳ ሰው ሥራው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ይነሳበታል። ማሽኑ የተሞላው በዓለም አቀፉ ሰዓት ከሆነ ደግሞ ረፋድ 4 ሰዓት ይሆናል። ክሮን የሚሰጠው አካባቢም ጠባብ ነው፤ በእጅ ሲያስኬዱት የሠራ ስክሪፕት ሌሊት የሚከሽፈው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

እንግዲህ ጀማሪዎች፣ የምትፈልጉትን ፓዝና ላንግ በስክሪፕታችሁ አናት ላይ ራሳችሁ ጻፉ።