ድሬዳዋ ወይስ ለገሃር?

ለዘንድሮው ትምህርታዊ ጉብኝት ብዙ ልጆች የሚፈልጉት ድሬዳዋን ነው። ድሬዳዋ የፈረንሳዮች ባቡር በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ግን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ማደሪያ ያስፈልጋል፤ መክፈል ያልቻለ ልጅ ይቀራል ማለት ነው።

እኔ ለገሃርን እመርጣለሁ። ያው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብቶ የቆመው እዚያ ነው። ስሙም «ላ ጋር» ከሚል ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን «ባቡር ጣቢያ» ማለት ነው። ከጠመንጃ ያዥ ሩቅ አይደለም፤ ከልደታ በከተማው ባቡር ተግባረ ዕድ፣ ሜክሲኮ፣ ከዚያ ለገሃር!

ስለዚህ በቅድሚያ የመግቢያ ፈቃድ በደብዳቤ ይጠየቅ፤ ወላጆች ይፈርሙ፤ እኛም የምንጠይቀውን ጥያቄ በየክፍላችን እንጻፍ። ድሬዳዋ ትቆየን፣ ለገሃር ሁላችንም እንሄዳለን። እናንተስ ምን ትላላችሁ?