ብዙ የሄደች ፖርሽ፦ ከ996 ጋር ትውውቅ

አዲስ ሳለች አሜሪካ ውስጥ ወደ 65 ሺህ ዶላር ትሸጥ የነበረች የስፖርት መኪና ዛሬ ጥቂት ዓመት ባገለገለች ቶዮታ ካምሪ ዋጋ ትገኛለች። ስሟ ፖርሽ 911፣ ባለሙያዎች የሚለዩባት ቁጥር ደግሞ 996 ነው። የመጀመሪያዎቹ 300 የፈረስ ጉልበት አላቸው፤ ከቆሙበት ተነስተው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ አምስት ሰከንድ ከትንሽ ይበቃቸዋል፤ መንገዱ ከፈቀደ 280 ይነካሉ። ቆጣሪው ላይ ግን 160 ሺህ፣ 200 ሺህ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ኪሎ ሜትር ተጽፏል። ማስታወቂያውን ያየ ሰው ወይ ሻጩ ቸግሮታል ወይ መኪናዋ አልቆላታል ብሎ ያልፋል። እኔ እንዲህ ዓይነቷን መኪና ዝም ብሎ ማለፍ ስህተት ነው ባይ ነኝ፤ ዝም ብሎ መግዛት ግን የባሰ ስህተት ነው።

911 በ1963 በፍራንክፈርት የመኪና ትርኢት ላይ ከታየች ጀምሮ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ስድስቱ ሲሊንደሮችም ሦስት በሦስት ሆነው ግራና ቀኝ ተጋድመዋል። ለ35 ዓመታት ያህል ያ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ በዓመት ከ50 ሺህ በላይ መኪና ይሸጥ የነበረው ኩባንያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ 14 ሺህ ገደማ ወረደና ለህልውናው ሰጋ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ቬንደሊን ቪዴኪንግ ቀድሞ ቶዮታ ውስጥ የሠሩ ጃፓናውያን አማካሪዎችን አስመጥቶ የሽቱትጋርቱን ፋብሪካ አሠራር ከሥር አስለወጠ። ወጪ ለመቆጠብም ሁለት መኪኖች አብረው ተነደፉ፤ በ1996 የወጣችው ርካሿ ቦክስተር እና በ1997 የተዋወቀችው 996። ከበር ወደ ፊት ያለው አካላቸው በአብዛኛው አንድ ነው፤ ሞተራቸውም የአንድ ቤተሰብ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውሃ ነው።

የድሮዋ 911 ወዳጆች ይህን ይቅር አላሉም። ድምፁ ለስልሷል፣ ውስጡ ፕላስቲክ በዝቶበታል፣ የፊት መብራቱ ከርካሿ መኪና ጋር አንድ ሆኗል አሉ። ለመብራቱ «የተጠበሰ እንቁላል» የሚል ቅጽል ወጣለት። ለእኔ ዓይን ያን ያህል የሚያስቀይም አይደለም፤ ቢሆንም ስሙ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ኩባንያውን ግን እነዚህ ሁለት መኪኖች ታደጉት፤ 996 ብቻዋን ከ175 ሺህ በላይ ተመርታለች። ዛሬ ከሌሎቹ 911ዎች ሁሉ ረክሳ የምትገኝበት አንዱ ምክንያት ይህ ንቀት ነው። ሌላው ምክንያት ስፋቱ አምስት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ አንድ ኩሽኔታ ነው።

ኩሽኔታውን ሳያውቁ ይህችን መኪና መግዛት አይገባም። ሞተሩ ውስጥ የኮሎውን ዙር በካቴና ተቀብሎ ቫልቮቹን ለሚከፍቱት ካምሻፍቶች የሚያደርስ መካከለኛ ዘንግ አለ። በቀድሞዎቹ በአየር የሚቀዘቅዙ ሞተሮች ይህ ዘንግ የሚዞረው ፓምፕ እየገፋ በሚልክለት ዘይት ላይ ነበር። በአዲሱ ሞተር ግን ከቮላኖው በኩል ያለው ጫፉ የራሱ ግራሶ በተሞላና ግራና ቀኙ በታሸገ ባለ ጥይት ኩሽኔታ ላይ እንዲያርፍ ተደረገ። ማሸጊያው ዕድሜ ሲጠግብ የሞተሩ ዘይት ሾልኮ ይገባና ግራሶውን ያጥበዋል፤ የገባው ዘይት ደግሞ እዚያው ታግቶ ይበላሻል። ጥይቶቹ ይበላሉ፣ ዘንጉ ይወዛወዛል፣ ካቴናው ጊዜውን ይስታል፣ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሌላ ሞተር መፈለግ ነው፤ ሒሳቡም ከነሥራው ከ15 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ አንዳንዴ ከመኪናዋ ዋጋ የማይተናነስ።

ጥያቄው ይህ ስንቱ ላይ ይደርሳል የሚለው ነው። የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ጥይቱ በሁለት ረድፍ የተደረደረ፣ ጠንካራ ኩሽኔታ ነበራቸው፤ የእነርሱ ብልሽት ብዙ ጊዜ በ1 በመቶ ይገመታል። ከ2000 ገደማ እስከ 2005 የተሠሩት ባለ አንድ ረድፍ ናቸው፤ እዚህ ግምቱ ከ8 እስከ 10 በመቶ ይደርሳል። አሜሪካ ውስጥ የእነዚህ መኪኖች ባለቤቶች በጋራ የመሠረቱት ክስ በ2013 በስምምነት ተቋጭቷል። እንግዲህ አሥር መኪና ቢቆሙ ዘጠኙ ደህና ናቸው ማለት ነው፤ ወሬው ግን አሥሩንም አርክሷቸዋል። ከ996 ዓይነቶች መካከል የቱርቦዋና የጂቲ3ዋ ባለቤቶች ግን በዚህ ጭንቀት ውስጥ የሉበትም። የእነርሱ ሞተር ከፖርሹ መሐንዲስ ከሃንስ ሜዝገር እጅ የወረደው የውድድር ሞተር ነው፤ ዘመዱ በ1998 የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር ያሸነፈችው የፖርሽ ጂቲ1 ላይ ነበር። ዋጋቸውም እንደዚያው ነው፤ ስለዚህ እዚህ ወሬያችን ውስጥ አይገቡም።

አሁን ወደ ቆጣሪው እንመለስ። አብዛኛው ገዢ ቁጥሩ ባነሰ መጠን መኪናዋ ጤነኛ ናት ብሎ ያምናል። በዚህች መኪና ላይ ይህ እምነት ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ጋራዥ ውስጥ ተሸፋፍና ከርማ ለእሑድ ቡና ሁለት ኪሎ ሜትር የምትወጣ 996 ዘይቷ በደንብ ሳይሞቅ ትመለሳለች፤ ያልተቃጠለ ቤንዚንና እርጥበት ዘይቱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ጎማ ነክ ማሸጊያዎቿ ይደርቃሉ። ኩሽኔታውንም የሚጎዳው ይኸው ነው። በየቀኑ ሥራ የምትመላለስ፣ ረጅም መንገድ የምትበላ፣ ዘይቷ በጊዜው የሚቀየር መኪና ግን 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ደርሳም የሞተሯ ድምፅ ላይለወጥ ይችላል። ሊሰበር የሚችለው ተሰብሮ ተቀይሮላታል፤ የቀድሞው ባለቤት ከፍሎታል።

ብዙ መሄድ ብቻውን መኪና እንደማይገድል ማሳያ አለ፤ የሎንግ አይላንዱ መምህር ኢርቭ ጎርደን በ1966 የገዛት ቀይ ቮልቮ ፒ1800 በ2013 አላስካ ላይ ሦስት ሚሊዮን ማይል ሞላች፤ 4.8 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እርሷም በዘመኗ የስፖርት መኪና ነበረች። የሰውየው ምስጢር ዘይትን በጊዜው ከመቀየርና የፋብሪካውን መመሪያ ከመከተል የራቀ አልነበረም።

ቆጣሪ ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ይህን ከእኛ አገር ደላላ በላይ የሚያውቅ የለም። 996 ላይ ግን ከቆጣሪው ሌላ ሁለተኛ ምስክር አለ። የሞተሩ ኮምፒውተር ሞተሩ በጠቅላላ ስንት ሰዓት እንደሠራ ይመዘግባል፤ ተገቢው መሣሪያ ያለው ሜካኒክ በጥቂት ደቂቃ ያነበዋል። ኪሎ ሜትሩን ለሰዓቱ ማካፈል ነው። 160 ሺህ ኪሎ ሜትር በ3,000 ሰዓት ከሄደች አማካይ ፍጥነቷ 53 ነው፤ አውራ ጎዳና የሚያውቃት መኪና ናት። ቆጣሪዋ 90 ሺህ እያለ ኮምፒውተሩ 4,500 ሰዓት ካለ ግን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሆነ ማለት ነው። ወይ ዕድሜዋን ሁሉ ትራፊክ መብራት ላይ ቆማለች፣ ወይ አንድ ሰው ቁጥሩን ነካክቷል። በሁለቱም መንገድ የምትፈለግ አይደለችም።

ያው ኮምፒውተር ሌላም ነገር አይረሳም። ሞተሩ ከተፈቀደለት ዙር በላይ ስንት ጊዜ እንደዞረና በስንተኛው ሰዓት እንደሆነ ተጽፎ ይቀመጣል። ነዳጅ በመርገጥ ብቻ ከሆነ መቆጣጠሪያው ራሱ ያቆመዋል፤ አደገኛው ነጂው ከአምስተኛ ወደ አራተኛ እሄዳለሁ ብሎ በስህተት ሁለተኛ ማርሽ ሲያስገባ ነው። ጎማዎቹ ራሳቸው ሞተሩን ያስገድዱታልና ኮምፒውተሩ ከመመዝገብ በቀር የሚያደርገው የለም። ሻጩ የማያውቀው ወይም የማይናገረው ይህ ታሪክ እዚያ አለ።

የቀረውን ምርመራ ሞተሩን የሚያውቅ ሜካኒክ ይሥራው። ጥቂት መቶ ዶላር ያስከፍላል፤ እምቢ የሚል ሻጭ ካለ ድርድሩ እዚያው ያበቃል። ሜካኒኩ የዘይት ፊልትሮውን ቆርጦ ይከፍታል፤ ማግኔት የሚስበው የብረት ብናኝ ካገኘ ኩሽኔታው መበላት ጀምሮ ሊሆን ይችላል። በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ካሜራ አስገብቶ የሲሊንደሩን ግድግዳ ያያል፤ በተለይ ከ2002 ወዲህ ባሉት ባለ 3.6 ሊትሮች ላይ ግድግዳው በፒስተኑ ተፍቆ ቁልቁል የተቧጨረ ሊሆን ይችላል። ገዢው ራሱ የሚያየው ምልክትም አለ፤ ከሁለቱ የማርሚታ ጫፎች አንደኛው ከሌላው ይልቅ በጥላሸት ከጠቆረና ሞተሩ ሲሞቅ ቀጭን የመንቋቋት ድምፅ ካለ ኪስን መዝጋት ነው። ጠዋት ሲነሳ አካባቢውን የሚሸፍን ነጭ ጭስ ግን ብዙ ጊዜ ከሞተሩ የሚወጣውን ትነት ከዘይት የሚለየው ዕቃ ማርጀት ነው፤ ያስደነግጣል እንጂ አይገድልም። ከፊት ፓራውልቱ ግራና ቀኝ ያሉት ራዲያተሮች ቅጠል ይሰበስባሉ፤ ቅጠሉ ሲበሰብስ ብረቱንም ያበሰብሳል። ጎን ላይ የታተሙትን አራት ቁጥሮች በማየት የጎማዎቹን ዕድሜ ማወቅ ቀላል ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ ቀጣዮቹ ዓመቱን ይነግራሉ። ጎማው አሥር ዓመት ከሆነው ስለባለቤቱ ሌላ ጥያቄ ማንሳት አያስፈልግም። አካሏ ግን ብዙም አያሳስብም፤ ፖርሽ የ911ን ቆርቆሮ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በዚንክ ስለሚለብጠው፣ ያልተጋጨች ከሆነች ዝገት ብርቅ ነው።

ዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ወገኖች አንድ ማሳሰቢያ። ሜሪላንድ ያገለገለ መኪና ስም ሲዛወር፣ ቨርጂኒያ ደግሞ በየዓመቱ የደህንነት ምርመራ ያስደርጋሉ። እዚያ የሚታየው ፍሬን፣ ጎማ፣ መብራትና መሪ ነው። «ምርመራ አልፋለች» የሚለው የሻጭ ቃል ስለኩሽኔታውም ስለሲሊንደሩም የሚለው ነገር የለም።

አገር ቤት ላለ አንባቢ ነገሩ ከጨዋታ አያልፍም። በ2020 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን እስከ 500 በመቶ ይቀርጣል፤ ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠራ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። ብትገባም የአዲስ አበባ ስስ አየር ቱርቦ ከሌለው ሞተር አንድ አምስተኛ ያህሉን ጉልበት ይወስድባት ነበር፤ የቀረውን የፍጥነት መገደቢያ ጉብታው ይጨርሰዋል።

ከተገዛች በኋላ ያለው ኑሮ እንዴት ነው? የመኪናዋ ዋጋ ወርዷል፤ የመለዋወጫዋ ዋጋ ግን አሁንም የ65 ሺህ ዶላር መኪና መለዋወጫ ዋጋ ነው። ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ፋብሪካው ዘይቷ ከ20 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይቆያል ይል ነበር፤ የሚያውቋት ሜካኒኮች በየ8 ሺህ ኪሎ ሜትሩ፣ ብዙ ባትሄድም በየስድስት ወሩ ይለወጥ ይላሉ፤ የምትጠጣውም ከ8 ሊትር በላይ ነው። የውሃ ፓምፑ ሳይሰበር ቀድሞ መቀየር አለበት፤ ፕላስቲክ የሆነው ክንፉ ከተሰበረ ስብርባሪው የውሃ መሄጃውን ይዘጋል። የውሃ ማጠራቀሚያው ፕላስቲክም ይሰነጠቃል። ፍሪሲዮን ሲለወጥ ካምቢዮው ስለሚወርድ ኩሽኔታውን የዚያኑ ቀን በተሻለ ማስቀየር ነው፤ ለሁለቱ አንድ ላይ ከ2 ሺህ እስከ 4 ሺህ ዶላር ይወጣል። ለብቻ ማሠራት ተመሳሳዩን ጉልበት ሁለት ጊዜ መክፈል ነው። አውቶማቲኳ ረከስ ብላ ትገኛለች፤ ፍሪሲዮን ስለሌላት ግን ካምቢዮው ለኩሽኔታው ብቻ ሲባል ይወርዳል።

በምትኩ የሚገኘው ምንድን ነው? ክብደቷ 1,320 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከዛሬዎቹ የስፖርት መኪኖች ጋር ስትተያይ ቀላል ናት። መሪዋ በኤሌክትሪክ ሳይሆን በዘይት ግፊት ስለሚታገዝ መንገዱ እጅ ላይ ይሰማል። ከኋላ ሁለት ልጅ ይቀመጣል፤ ከፊት ኮፈኑ ሥር ሻንጣ ይገባል። ስለዚህ በየቀኑ ልትነዳ ትችላለች፤ ልትነዳም ይገባል።

ምክር ለሚጠይቀኝ መልሴ ይህ ነው፦ ከ150 ሺህ እስከ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደች፣ በእጅ ማርሽ የሆነች፣ ኩሽኔታዋ የተቀየረ፣ የጥገና ደረሰኟ አንድ ወፍራም ፋይል የሚሞላ፣ ባለቤቷ ትናንት ሥራ የሄደባት መኪና ግዙ። የግዢው ቀን ሌላ 5 ሺህ ዶላር ለጥገና ተቀምጦ ይጠብቃት። ያ 5 ሺህ ከሌለ ማዝዳ ሚያታ ይሻላል፤ እርሷም በኋላ ጎማ የምትነዳ፣ ቀላልና የምታስደስት ናት፤ ዕቃዋም በየትኛውም ሱቅ በርካሽ ይገኛል።