ቁጥሩ ለሚጭነው ሰው ነው

«ይህንኛውን ምን እንበለው? 2.4.1፣ 2.5.0 ወይስ 3.0.0?» ሶፍትዌር ተፈትሾ ሊለቀቅ ሲል ቡድናችን ውስጥ ይህ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም። ወጣቶቹ ባልደረቦቼ የልቀቱን ቁጥር በድካማቸው ይመዝኑታል፤ ወራት የፈጀ ሥራ 3.0.0 ቢባል ይወዳሉ። ልፋታቸውን ስለማውቅ ስሜታቸው ይገባኛል። እኔ ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ አዲሱን የሚጭነው ሰው ትናንት ሲሠራለት የነበረው ዛሬም ይሠራለታል ወይ?

የውስጡን ኮድ እንደ አዲስ ጽፈነው ከውጭ ምንም ካልተለወጠ የመጀመሪያውን አሃዝ የምንነካበት ምክንያት የለም። ሌሎች ፕሮግራሞች ከእኛው ጋር በሚገናኙበት ኤፒአይ ውስጥ የአንድ ፊልድ ስም መቀየር ግን የደቂቃ ሥራ ሆኖ በዚያ ስም መረጃ የሚወስዱ የሌሎች ድርጅቶችን ፕሮግራሞች ያቆማል። ትልቁ ቁጥር የሚገባው ለዚህ ነው። ከጊትሃብ መሥራቾች አንዱ ቶም ፕሬስተን-ወርነር የጻፈው ደንብም ይህንኑ ይላል፦ ከቀድሞው ጋር የማይስማማ ለውጥ ሲኖር የመጀመሪያው አሃዝ፣ ነባሩ ሳይነካ አዲስ ነገር ሲታከል መካከለኛው፣ ስህተት ሲታረም የመጨረሻው ያድጋል።

የፕሮግራም ቋንቋው ፓይተን 3 እ.ኤ.አ. በ2008 ሲወጣ ለፓይተን 2 የተጻፈ ብዙ ኮድ እንዳለ አይሠራበትም ነበር። ቁጥሩ ይህን አልደበቀም፤ ሆኖም ሰው ኮዱን እስኪያሻግር የአሮጌው ድጋፍ እስከ 2020 መግቢያ ዘለቀ። የመጀመሪያውን አሃዝ ከፍ ማድረግ በሌሎች ላይ የዓመታት ሥራ መጫን ሊሆን ይችላል። ለማስታወቂያ ያምራል ተብሎ 3.0.0 እንድንል ስንጠየቅ አጥብቄ የምቃወመው ለዚህ ነው። እርግጥ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2011 የሊኑክስን ከርነል ከ2.6.39 ወደ 3.0 ሲያሻግር የተለየ ለውጥ አልነበረም፤ ግን በከርነሉ ሥራ የተጠቃሚን ፕሮግራም መስበር ክልክል ስለሆነ ቁጥሩ ማንንም ማስጠንቀቅ አልነበረበትም።

በአሃዞቹ መካከል ያለችው ነጥብም ታሳስታለች። ከ3.9 ቀጥሎ 3.10 ይመጣል፤ አስርዮሽ አይደለም። ፓይተን 3.10 ሲወጣ የቁጥሩን የመጀመሪያ ሦስት ምልክቶች ብቻ የሚያነቡ ፕሮግራሞች 3.1 መስሏቸዋል።

ስርዓተ ክወናው ኡቡንቱ ደግሞ ልቀቶቹን በዓመትና በወር ይቆጥራል፤ 22.04 የወጣው በኤፕሪል 2022 ነው። እንዲህ መቁጠር የሚፈልግ የእኛ አገር ቡድን መጀመሪያ የዘመን አቆጣጠሩን ይወስን። ያው ልቀት በእኛ 14.08 በሆነ ነበር፤ ጳጉሜን የሚለቀቀው ደግሞ 13 ይይዛል። ሁለቱም ያስኬዳል፣ መቀላቀል ግን አይቻልም። ቀን መቼ እንደተለቀቀ እንጂ ምን እንደሚሰበር ስለማይናገር፣ ሌሎች ኮዳቸውን ለሚያያይዙበት ላይብረሪ አልመርጠውም።

አንድ ነገር ላይ አልደራደርም፦ የተለቀቀ ቁጥር ይዘቱ አይለወጥም። 2.4.1 ከወጣ በኋላ አንዲት ፊደል ብትሳሳት እንኳ እርማቱ 2.4.2 ነው። ደንበኛ ደውሎ «2.4.1 ላይ ተቸገርኩ» ሲል የትኛውን ኮድ እንደምንከፍት ማወቅ የምንችለው ያኔ ብቻ ነው።