እንደ ጅብራ ተገትሮ

ሥራ ፈትቶ የቆመን ሰው «ምን እንደ ጅብራ ትገተራለህ?» እንለዋለን። አባባሉ በሁላችንም አፍ አለ፤ ጅብራን በዓይኑ ያየ ግን ጥቂት ነው፤ መኖሪያው ደመና ከሚያርፍበት ነውና።

ከላሊበላ ተነሥቶ በአሸተን ማርያም በኩል ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚወጣ መንገደኛ የገብሱን ማሳ፣ ቀጥሎም የአስታውን ቁጥቋጦ ያልፋል። ከተማዋ ያለችው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የተራራው ጫፍ ግን ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። አስታው እየሳሳ የጓሳው ሣር ሲበዛ፣ በጉሙ ውስጥ ሰው የሚመስል ነገር ቆሞ ይታያል። ጅብራ እሱ ነው።

ይህ ተክል ከኢትዮጵያ ተራሮች ውጭ የትም አይበቅልም፤ በሰሜን ተራሮች፣ በጮቄ፣ በመንዝ ጓሳና በባሌም አለ። በሳይንስ ስሙ ሎቤሊያ ሪንኮፔታለም ይባላል። በየአገሩ የአበባ መደብ የምታስውበው ትንሿ ሰማያዊ ሎቤሊያ ዘመዱ ናት፤ እሷ ከስንዝር ብዙም አታልፍም፣ እሱ ከነአበባው ከ6 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል።

በዚያ ከፍታ ቀን ፀሐዩ ይፋጃል፣ ሌሊት ውርጩ ይጋግራል። ጅብራ ረዣዥም ቅጠሎቹን በግንዱ አናት ላይ እንደ ጎፈሬ ዙሪያውን ይደረድራል፤ ለጋው ቡቃያ በመካከላቸው ተሸሽጎ ያድራል። እንዲህ ሆኖ ለብዙ ዓመታት ስንቅ ያጠራቅማል። ቀኑ ሲደርስ እንደ ጧፍ ቀጥ ያለ የአበባ ዘንግ ያወጣል። ወደ ሐምራዊ የሚያደላው ፈዛዛ ሰማያዊ አበባ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ተራ በተራ ይፈካል፤ የአበባ ማር የሚጠጡ ወፎችም ይመላለሱበታል። ከዚያ እንደ አቧራ የደቀቀ ዘሩን ለነፋስ ሰጥቶ ይሞታል። በዕድሜው የሚያብበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አበባ ወዳድ ሰው «ጓሮዬ ልትከለው?» ቢለኝ፣ ተወው እለዋለሁ። ተክሉን ማውረድ ቢቻል ብርዱን ማውረድ አይቻልም። የጅብራ እንክብካቤ ሥፍራውን አለማረስና ሳያብብ አለመቁረጥ ነው፤ ሳያብብ የተቆረጠ ዘር አይተካም። በአቡነ ዮሴፍ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ጎረቤቶቹ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ናቸው፤ ደጋው ሲጠበቅ ሦስቱም አብረው ይጠበቃሉ።

የከበደው ሥጋት ሙቀት ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ በ2080 እ.ኤ.አ. ለጅብራ የሚመች መሬት በአማካይ 3.4 በመቶው ብቻ እንደሚቀር ተንብዮአል። ወይና ደጋው ሲግል ተክሉ ወደ ደጋ ይሸሻል፤ ጅብራ ግን ከተራራው ጫፍ ወዲያ መሸሻ የለውም።

እንግዲህ አቡነ ዮሴፍን ስትወጣ አበባ የሌለው ጅብራ ብታገኝ ሥራ ፈት አይምሰልህ። የዓመታት ስንቁን እየቋጠረ ነውና እጅህን ሰብስበህ እለፈው።